ጥቁሩ የሽቦ ቀፎ

ጡረታ ስወጣ ትምህርት ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ። ንግግር እንዲያደርግ የተጋበዘው ደምሰው ነበር፤ ያኔ ርዕሰ መምህራችን የነበረው፣ ዛሬ ዞን ላይ ትልቅ ወንበር ያገኘው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አቶም አንቱም አልለውም። ሠላሳ አንድ ዓመት አለቆችን አንቱ ስል ኖሬአለሁ፤ ከእንግዲህ የሚከለክለኝ ነገር የለውም።

ማይክሮፎኑን ያዘና፣ "ወይዘሮ አስካለን የማውቃት ከቤተ ሙከራ ነው" ብሎ ጀመረ። "መቼም የሰማችሁ ትኖራላችሁ፤ መምህር ላቀው የሚባሉ ሰው ነበሩ። እዚሁ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ፀሐይ እንሠራለን ብለው በእንግዳ ፊት ብርጭቆ ያፈነዱት!"

አዳራሹ ሳቀ። ከሳቁት ብዙዎቹ ያኔ ሆሄ የሚቆጥሩ ልጆች ነበሩ፤ አለቃ ስለሳቀ ሳቁ።

"ሽቦ ማጠፍ ያልቻለ ሰው ፀሐይ ሊሠራ!" አለና ወደ እኔ ዞረ። "አይደለም እንዴ ወይዘሮ አስካለ? አንቺ ምስክር ነሽ።"

ምስክር ነኝ። ፊርማዬ አለበት። ያን ጊዜ በተጻፈው ሪፖርት ላይ፣ "አደጋው የደረሰው በመምህሩ የተሠራው የሽቦ ቀፎ የአሠራር ጉድለት ስለነበረበት ነው" የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ከሥሩ ሦስት ፊርማ አለ፤ ሦስተኛው የኔ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ውሸት ነው። ይህን የምጽፈው ፊርማዬን ከዚያ ለማንሳት ነው።

ጋቢውን እንደለበስኩ ልወጣ ስል የአሁኗ የፊዚክስ መምህርት ሰላማዊት በር ላይ ጠበቀችኝ። ከንብረት ክፍል ያገኘችውን ካርቶን ታቅፋለች። ውስጡ የቀለጠው ቀፎ አለ፤ የሪፖርቱም ቅጂ አለ።

"እትዬ አስካለ፣ ይህን መሣሪያ ከተማሪዎቼ ጋር መልሼ ልሠራው ነው" አለችኝ። "ግን ወረቀቱ አሠራሩ ጉድለት አለበት ይላል። ለክቼ ለክቼ ጉድለቱን አጣሁት። ያልቀለጡት ቀለበቶች እኩል ናቸው። ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?"

"ቀፎው በደንብ የተሠራ ነው።"

"ታዲያ ለምን ቀለጠ?"

ካርቶኑን አልነካሁም። መልስ ሳልሰጣት ወደ ቤቴ ሄድኩ። እዚህ ላይ መልስላታለሁ፤ ግን ከመጀመሪያው ነው።

እዚያ ትምህርት ቤት የተቀጠርኩት ለጽዳት ነው፤ ያውም በጊዜያዊነት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም ነበር። ቤተ ሙከራውን ስጠርግ ጠርሙሶቹ ላይ የተጻፈውን አነባለሁ፤ ሳነብ ደግሞ እየለየሁ በፊደል ተራ እደረድራቸዋለሁ። አንድ ቀን ከኋላዬ፣ "ይህን ማን ነው የደረደረው?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የምባረር መሰለኝ። የፊዚክስ መምህሩ መምህር ላቀው ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከሃምሳ ያለፉ ሰው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ከርመው ኋላ ነው ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገቡት።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ሁለቱን አሳስተሻል" አሉኝ። የቱን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። ፈልጌ አገኘሁት። በማግስቱ መጥረጊያውን ተቀብለው ነጭ ካፖርት ሰጡኝ፤ የቤተ ሙከራ ረዳት ሆንኩ። ቅጥሬ ግን ያው ጊዜያዊ ነበር፤ በየዓመቱ ይታደሳል፣ በየዓመቱ እፈራለሁ።

መምህር ላቀው አንድ ዘመዳቸው ከኢንተርኔት ያወጣላቸውን ወረቀት በሰማያዊ ፋይል አስረው ይይዙ ነበር። ውጭ አገር ሰዎች በቤታቸው ስለሚሠሩት የኑክሌር ውሕደት መሣሪያ ነው የሚያወራው። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። የደወል ቅርጽ ያለው ወፍራም ብርጭቆ በብረት ሰሌዳ ላይ ይደፋል። ውስጡ ያለውን አየር ፓምፕ ይመጥጠዋል፤ በጣም ጥቂት ይቀራል። መሐል ላይ ብርቱካን የሚያህል፣ ከሽቦ የተሠራ ክፍት ኳስ ይንጠለጠላል። ቀፎ ያልነው እሱን ነው። ወደ ቀፎው ከፍተኛ ኔጋቲቭ ቮልቴጅ ሲላክ የቀረው የአየር ቅንጣት ኤሌክትሪክ ተሸክሞ ከየአቅጣጫው ወደ ውስጥ ይሮጣል። አብዛኛው በሽቦዎቹ መካከል ያልፍና መሐል ላይ ይገናኛል፤ እዚያ ሐምራዊ ብርሃን ይሠራል። ውጭ ያሉት ሰዎች በአየር ፋንታ ከባድ ሃይድሮጅን አስገብተው፣ ቮልቴጁንም እጅግ አስበልጠው፣ ከሚጋጩት ጥቂቱ እንዲዋሃድ ያደርጋሉ፤ ፀሐይ ውስጥ የሚሆነው ዓይነት ነገር ማለት ነው። እኛ ያ ጋዝ አልነበረንም። መምህር ላቀውም ፀሐይ እሠራለሁ ብለው አያውቁም። "መንገዱን እናሳያለን እንጂ ቤቱ ድረስ አንሄድም" ነበር የሚሉት። ፀሐይ የሚለውን ቃል ለዞን በላከው ደብዳቤ ውስጥ የከተተው ደምሰው ነው።

ብርጭቆውን ከትምህርት ቤቱ አሮጌ ዕቃ አገኘነው። ፓምፑ ፍሪጅ ጠጋኞች ጋዝ ከመሙላታቸው በፊት ቱቦ የሚያራቁቱበት ነው። ትራንስፎርመሩ ከወለቀ የኒዮን ማስታወቂያ የመጣ ነው። ኤሌክትሪኩ የብረት ሰሌዳውን ሳይነካ ወደ ውስጥ እንዲገባ ደግሞ የጭነት መኪና ካንዴላ ተጠቀምን፤ ሸክላው ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ፓምፑን መጀመሪያ ያስነሳን ቀን መምህር ላቀው ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙና፣ "የመሐል ሜዳ አየር ደግ ነው፤ ግማሹ አስቀድሞ ወጥቶ ነው የጠበቀን" አሉ። ሲቀልዱ ፊታቸው አይፈታም፤ የደጋችንን ስስ አየር ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኝ የሳቅሁት ዘግይቼ ነው።

ሕጋቸው ብዙ ነበር። መሣሪያው ሲበራ ሁላችንም ከወፍራም ፕላስቲክ ግርዶሽ ኋላ እንቆማለን። ግራ እጅ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ኤሌክትሪክ ከእጅ ወደ እጅ በልብ በኩል እንዳያልፍ። የኔ ቀሚስ ኪስ ስላልነበረው ግራ እጄን መቀነቴ ውስጥ እንድሸጉጥ አዘዙኝ። እስከ ዛሬ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ስነካ ግራ እጄ ወደ ወገቤ ይሄዳል። ሽቦ በሚያጥፉበት ጊዜ ደግሞ ማንም አይናገርም። በባዶ እጅ ቀፎ መንካት ክልክል ነው። እጃቸውን ሦስት ጊዜ ታጥበው፣ በንጹሕ ጨርቅ ይዘው፣ ጫፏን ራሳቸው ባለሰለሷት ፒንሳ ብቻ ይሠራሉ።

ለሰላማዊት ያልመለስኩላትን ከዚህ ትጀምረው። ቀፎ ሦስት እኩል ቀለበት ነው። ሽቦውን በመድኃኒት ጠርሙስ ዙሪያ ያጠፉታል፤ አንዱን ቀለበት በሌላው ውስጥ ያሳልፉና መገናኛውን ፀጉር በሚያህል ሽቦ ያስሩታል። በቆርቆሮ አይበየድም፤ በቶሎ የሚቀልጥ ነገር ይተንና ብርጭቆው ላይ ይለጠፋል። ሦስቱ ቀለበት ስምንት መስኮት ይሠራል። መስኮቶቹ እኩል ከሆኑ ከመሐል ስምንት ቀጫጭን ጨረር ይወጣል፤ ኮከብ የምንለው ያ ነው። አንዱ መስኮት ከሌላው ከሰፋ ግን ጨረሩ በሱ በኩል ይጎርፋል፤ ብርጭቆውንም አንድ ቦታ ላይ እየመታ ያግለዋል።

ሽቦው ቀጭን ሲሆን ብዙ ቅንጣት ያሳልፋል፤ ግን ሙቀት አይችልም። ወፍራም ሲሆን ሙቀት ይችላል፤ ግን መንገድ ይዘጋል፣ የሚመታውም ቅንጣት ይበዛል። መዳብ ሞክረን ነበር። በሁለት ቀን ብርጭቆው ከውስጥ እንደ መስታወት አበራ፤ ቅንጣቱ በመታው ቁጥር መዳቡ እየተፈለጠ ይለጠፍ ነበር። የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ ሲግል ለሰለሰና እንደ ሰነፍ ተማሪ ወደ አንድ ጎን ተኛ። በመጨረሻ የማይዝግ ብረት የብየዳ ሽቦ ላይ ጸናን።

ይህ ሁሉ ግን ግማሹ ነው። አዲስ ቀፎ ውስጥ ዘይት አለ፣ እርጥበት አለ፣ ብረቱ ራሱ የዋጠው ጋዝ አለ። ሲሞቅ ይተፋዋል። ጋዙ ሲበዛ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፤ ያ ሲጨምር ሽቦው ይበልጥ ይግላል፤ ሲግል ይበልጥ ይተፋል። ቶሎ ካላወረዱት እዚያው ራሱን ያቀልጣል። ስለዚህ ጥቂት ያሞቁታል፣ ይተፋል፣ ያወርዱታል፤ እንደገና ያሞቁታል። መምህር ላቀው ይህን ሥራ "ማናዘዝ" ይሉት ነበር። አራት ቀን ይፈጃል። እሳቸው ብርሃኑን ያያሉ፤ እኔ የቮልቴጁን መዘውር እይዛለሁ። አይናገሩም። መዳፋቸውን ወደ ታች ሲዘረጉ አወርዳለሁ፤ ሁለት ጣት ሲያነሱ ከፍ አደርጋለሁ። በአራተኛው ቀን ቀፎው ከሰል የመሰለ ጥቁር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጨረሮቹ ይጠራሉ።

"አሁን የደበቀው ነገር የለም" ይሉ ነበር። "እመኚው።"

የዞን እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ግቢው ታመሰ። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ኖራ ተቀባ፤ የዛፎቹ ግንድ ሳይቀር እስከ ወገቡ ነጣ። እኛ ያን ሳምንት አንድ ቀፎ አናዘን ጨርሰን ነበር፤ ከሠራናቸው ሁሉ የተሻለው። እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር መምህር ላቀው ክፍል ገብተው ሳለ ደምሰው ወደ ቤተ ሙከራ መጣ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ በብርጭቆው አሳልፎ እያየ። "ከጉልቻ ሥር የወጣ ነው የሚመስለው።"

"የተናዘዘ ቀፎ ነው።"

"ምን?"

"ተሞክሮ ያለቀለት ነው ማለቴ ነው። የሚጠቁረው ሲዘጋጅ ነው።"

"ስሚ፣ ድንጋይ ኖራ አስቀብቼ ለእንግዳ ጥላሸት አላሳይም። አውጪና እንደ ብር አድርገሽ መልሺው።"

"መምህር ይምጡና ላስፈቅድ።"

በሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ዘጋው። "አስካለ፣ የቋሚ ቅጥርሽ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የሚፈርመው እኔ ነኝ ወይስ ላቀው?"

ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ እንደልቡ የሚስቀው።

እናቴ የአባቴን ጠመንጃ የምትወለውለው በአመድ ፈትጋ፣ ከዚያ ባልታጠበ የበግ ፀጉር አሽታ ነበር። የመንዝ በግ ፀጉር ቅባት አለው፤ ቅባቱ ብረቱ ላይ ስለሚቀር ዝገት አይነካውም፤ ያብለጨልጫልም። ማጭዱም መጥረቢያውም በዚያው ነው የሚታሸው። ብረት ማሳመር ሲባል እጄ የሚያውቀው ይህን ነው። ለምሳ ስሄድ ከቤት አንድ እፍኝ ፀጉር ይዤ መጣሁ። ቀፎውን አወረድኩ፤ ፈተግኩት፤ አሸሁት። ጥቁረቱ ለቀቀ፤ እንደ ብርም አበራ። ስፈትገው አንዱ ቀለበት ከቦታው ሸሸ፤ በዓይኔ ለክቼ መለስኩት። በዓይኔ። እሳቸው በጠርሙስና በክር ይለኩት የነበረውን።

ያለማወቅ ነው እንዳልል ቅባት እንዳለው አውቅ ነበር። ቅባት ሲሞቅ ምን እንደሚሆንም አራት ዓመት መዘውር ይዤ አይቻለሁ። መልሼ ሰቀልኩት፤ ብርጭቆውን ደፋሁበት፤ እጄን ታጠብኩ።

በማግስቱ ፓምፑ ከጠዋት ጀምሮ እየሠራ ነበር። መምህር ላቀው እንግዶቹን ተከትለው ገቡ። ወደ ብርጭቆው ጎንበስ አሉ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉና መልሰው አደረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አሉ።

"አስካለ፣ ቀፎውን የነካው ሰው አለ?"

ደምሰው ከኋላዬ ቆሟል። ትንፋሹ አንገቴ ላይ ይሰማኛል።

"የለም" አልኩ።

እንደገና ቀፎውን አዩት። ከዚያ እኔን። "እሺ" አሉ። ዓይናቸውን ትተው እኔን አመኑ።

መዘውሩን ቀስ አድርጌ አነሳሁ። መሐል ላይ ኮከብ አልመጣም፤ ጉም የመሰለ ሐምራዊ ነገር ብርጭቆውን ሞላው። ከእንግዶቹ አንዱ፣ "ይሄ የኛ የጠዋት ጭጋግ አይደለም እንዴ?" አለ። ሳቁ። መምህር ላቀው መዳፋቸውን ወደ ታች ዘረጉ። አውርጂ።

"ጨምሪው እንጂ!" አለ ደምሰው በጆሮዬ። "ምንም አይታይም።"

እጄ መዘውሩ ላይ ቆመ። አልጨመርኩም፤ አላወረድኩምም። መጨመር አያስፈልግም ነበር፤ ቅባቱ ራሱ ይጨምር ጀምሯል። የኤሌክትሪኩ መለኪያ ወደ ላይ ተስፈነጠረ። ቀፎው በአንድ ጎኑ ቀላ፣ ብርቱካንማ ሆነ፣ ነጣ። ጨረሩ እኔ ባሰፋሁት መስኮት በኩል ወጥቶ ብርጭቆውን መታ፤ የመታው ቦታ አረንጓዴ አበራ። መምህር ላቀው መዳፋቸውን ደጋግመው ወደ ታች መቱት። እኔ መዳፋቸውን አያለሁ፤ እጄ ግን የኔ አልሆነልኝም።

በመጨረሻ ከግርዶሹ ወጥተው ራሳቸው ማጥፊያውን ለመንካት ቀኝ እጃቸውን ሰደዱ። ኤሌክትሪኩ ሲጠፋና ብርጭቆው "ቀጭ" ሲል እኩል ነበር። ወደ ውስጥ ተሰባብሮ ወደ ውጭ ተረጨ። አብዛኛውን ግርዶሹ ያዘው። አንድ ስባሪ ግን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ገባ።

ደሙን በካፖርቴ አሰርኩት። እንግዶቹ በር ላይ ተጋፉ። እሳቸው ቁጭ ብለው አየሩን አሸተት ሲያደርጉ አይቻለሁ። ምን እንደሸተታቸው የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ደብረ ብርሃን ሄደው ተሰፋላቸው፤ ጅማቱ ግን አልተመለሰም። እነዚያ ሁለት ጣቶች ከዚያ ወዲህ ፒንሳ ጨብጠው አያውቁም።

ሪፖርቱን ደምሰው ጽፎ አቀረበልኝ። አነበብኩት። ፈረምኩ። የቋሚ ቅጥሬ ደብዳቤ በዚያው ወር ወጣ። መሣሪያው ተከለከለ፤ ቤተ ሙከራው ለዕቃ ማስቀመጫ ሆነ። መምህር ላቀው በፈቃዳቸው ሥራ ለቀው ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ራቤል ሄዱ። ስንብታቸውን የነገረኝ የለም፤ ሰማያዊውን ፋይል መሳቢያዬ ውስጥ አገኘሁት።

ከዚያ ወዲህ ያለው የሥራ ዘመኔ አጭር ነው፤ ቢረዝምም አጭር ነው። ደምሰው ከዓይኑ ሊያርቀኝ ፈልጎ ወደ ራቤል አዛወረኝ፤ የንብረት ክፍል ሠራተኛ። የት እንደላከኝ አውቆ ይሁን ሳያውቅ ዛሬም አላውቅም። አምስት ዓመት መምህር ላቀው በሚገበዩበት ገበያ ገበየሁ። ቁመታቸው ከሰው በላይ ስለሚታይ መሸሽ አያስቸግርም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በወንዶቹ በር በኩል አላልፍም። አንድ ቅዳሜ ገብስ ተራ ላይ ፊት ለፊት ልንገናኝ ስንል ከአንዲት ሴትዮ ጆንያ ኋላ ቁጢጥ አልኩ። "ምን ጠፋሽ?" አለችኝ ሴትዮዋ። "መርፌ" አልኳት። አብራኝ ፈለገች።

ከዚያ ዓለም ከተማ ተመደብኩ። እዚያ የነበረው አለቃዬ በየሳምንቱ ወንበር ያስቆጥረኝ ነበር፤ ወንበሮቹ አልጨመሩም፣ አልጎደሉም። ኋላ መሐል ሜዳ ተመልሼ በመዝገብ ቤት ጡረታ ወጣሁ። ፋይሎች በእጄ ነበሩ። ያን ሪፖርት በፈለግሁ ጊዜ አውጥቼ ማየት እችል ነበር። አላወጣሁትም።

ይህን ሁሉ ጊዜ በሐሳቤ ደምሰውን ከስሼዋለሁ። ስታጠብ፣ ስተኛ፣ ቅዳሴ ቆሜ ሳይቀር። ክሱ ሁልጊዜ በሱ ስም ይጀምራል፤ በሱ ስም ይዘጋል። ስንብቴ ላይ ሲስቅ፣ ሰላማዊትም "ለምን ቀለጠ?" ስትለኝ፣ ክሱ ውስጥ የጎደለ ስም እንዳለ ታየኝ።

በሦስተኛው ቀን አውቶቡስ ተሳፍሬ ራቤል ወረድኩ። ቤታቸውን ማንንም ሳልጠይቅ አገኘሁት፤ አምስት ዓመት ስሸሸው የኖርኩትን መንገድ መልሼ መሄድ ብቻ ነበር። ጥቁር በርኖስ ደርበው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ፀጉራቸው ነጥቷል፤ ሰውነታቸው አልጎበጠም።

"ማነሽ?"

"አስካለ ነኝ፣ መምህር።"

"ከመሐል ሜዳ ራቤል ብዙ ፈጀብሽ" አሉ፤ ፊታቸው ሳይፈታ። "ተቀመጪ።"

ተቀመጥኩና አፌን ከፈትኩ። ወጣ። ደምሰው እንዳዘዘኝ፣ በሩን እንደዘጋብኝ፣ በደብዳቤው እንዳስፈራራኝ፣ ሪፖርቱን ራሱ እንደጻፈው፣ በስንብቴ ላይ ምን ብሎ እንዳሳቀ፣ እሱ እንዲህ፣ እሱ እንዲያ፤ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ።

ቀኝ እጃቸውን ከበርኖሱ አወጡ። ሁለቱ ጣቶች እንደታጠፉ ቀርተዋል። መዳፋቸውን ቀስ አድርገው ወደ ታች ዘረጉ። አውርጂ።

አወረድኩ።

"አስካለ" አሉኝ፣ "ቀፎውን የነካው ሰው አለ?"

ከግቢው ማዶ የሆነ ሰው በግ ይጠራል።

"አለ" አልኩ። "እኔ ነኝ። በበግ ፀጉር ወለወልኩት።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ብርጭቆው ሲሰበር ሸቶኛል። የተቃጠለ የበግ ፀጉር ሽታ መንዝ ተወልጄ አይጠፋኝም። ከዚያ በፊትም ሲያበራ አይቼዋለሁ።"

ይህን ለመጻፍ አላፍርም፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። "አውቀው ነው እንዴ እንዲህ ያኖሩኝ? አይተው ከነበረ ለምን አበሩት? ለምንስ ዝም አሉ?"

"ያበራሁት አንቺ የለም ስላልሽ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ያንቺን ቃል ከዓይኔ አስበልጬ ነበር የምሠራው፤ ይህ የኔ ጥፋት ነው፣ ለራሴ ይዤዋለሁ።" የታጠፉትን ጣቶች በግራ እጃቸው አሻሹ። "ኋላ ደግሞ ብናገር አንቺን ያባርሩሻል። አንቺ ራስሽ ትመጫለሽ ብዬ ጠበቅሁ። አምስት ዓመት ገበያ ላይ እያየሁሽ ጠበቅሁ። አንዴማ ገብስ ተራ ላይ መርፌ ስትፈልጊ ነበር።"

ማልቀሴን እዚህ አልጽፍም።

ስነሳ፣ "ምን ላድርግልዎ?" አልኳቸው።

"ለኔ ምንም። ፊርማሽን ከዚያ ወረቀት ላይ አንሺ። ሽቦው በደንብ የተሠራ ነበር።"

ደብዳቤውን የጻፍኩት እዚያው ራቤል፣ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በልቤ ስጽፈው በደምሰው ስም ነበር የሚጀምረው። እጄ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ግን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር፣ "ቀፎውን የወለወልኩት፣ ሲጠይቁኝም አልተነካም ያልኩት እኔ አስካለ ነኝ" የሚል ሆነ። የደምሰው ስም በሁለተኛው መጣ፤ አልተውኩትም። ከሪፖርቱ ጋር እንዲያያዝ ለትምህርት ቤቱ ገቢ አደረግሁ፤ የራሴ የነበረችው የመዝገብ ቤት ማኅተም ተመታበት። ግልባጩን ለዞን ላክሁ።

በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ።

"ወይዘሮ አስካለ፣ ይሄ ምን የሚሉት ነገር ነው? እኔ እንደዚህ ብዬ አላዘዝኩሽም።"

"ማዘዝዎን እኔ ጽፌያለሁ" አልኩት። በስልክ አንቱ አልኩት፤ ልማድ ነው። "አለማዘዝዎን እርስዎ ይጻፉ። ከሥሩ ግን ይፈርሙበት።"

እስከ ዛሬ አልጻፈም።

አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ቤተ ሙከራ እሄዳለሁ። ሰላማዊት ቀለበት ታጥፋለች፤ እኔ እጇን አያለሁ። ሰማያዊውን ፋይል ሰጥቻታለሁ። የመጀመሪያው ቀፎዋ በሁለተኛው ቀን ጠራልኝ ብላ ልታቆም ስትል መዳፌን ወደ ታች ዘረጋሁ። ተቆጣች፤ ግን አወረደች። በአራተኛው ቀን ጠቆረ፤ ስምንቱም ጨረር ወጣ። አሁን በተቆለፈ ባለመስተዋት ሣጥን ውስጥ ተንጠልጥሏል። መስተዋቱ ላይ በእጄ ጽፌ የለጠፍኩት ወረቀት አለ፤ "ቆሻሻ አይደለም። ማንም ቢያዝ አይወልወል። አስካለ" ይላል። ፈርሜበታለሁ።